መጠበቅም ሥራ ነው

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ የዋለው የሚስዮናውያን ትዕግሥት ነው። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ ሕንድ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1793 ሲሆን የአገልግሎቱን የመጀመሪያ ፍሬ፣ አናጺውን ክሪሽና ፓልን ያጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰንም በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ላይ የመጀመሪያውን አማኝ እስኪያጠምቅ ከ1813 እስከ 1819 ጠብቋል። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም፤ ቋንቋ ይማሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይተረጉሙ ነበር።

አዲስ ሚስዮናዊን ብዙ ጊዜ የሚያጣድፈው (ይሄ ሳይነገር ይታለፋል) ለላኪዎቹ የሚጽፈው ሪፖርት ነው። "ስንት ሰው አመነ?" ሲሉት ቋንቋው ሳይገባው በአስተርጓሚ መስበክ ይጀምራል። ሰዉ እንግዳ ላለማሳፈር "እሺ" ይለዋል፤ እሱ እምነት ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪፖርቱ ላይ የተማረውን ቋንቋና የጎበኛቸውን ቤቶች ቢጽፍ ይበቃል። ገንዘብም ቶሎ አይውጣ፤ በውጭ ገንዘብ የተሠራ ጸሎት ቤት ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ምእመኑ የሚጠብቀው ሚስዮናዊውን ነው።