ስተው አሸነፉ

ትናንት ማታ፣ ሜልበርን። ከስታዲየም አባትና ልጅ ጫንኩ፣ ወደ ፉትስክሬይ። አንገታቸው ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስካርፍ። ፊታቸው ግን ከለቅሶ ቤት የመጡ ነው የሚመስለው።

«ተሸነፋችሁ እንዴ?» አልኩ።

«አሸንፈናል። በ1 ነጥብ» አለ ልጁ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ከዚያ ጭቅጭቅ። ልጁ «በመጨረሻው ሩብ ተኝተው ነበር፤ በዚህ አጨዋወት የትም አንደርስም» ይላል። አባትየው «የደረጃ ሰንጠረዡን 4 ነጥባችንን ይዘን ወጥተናል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይላሉ።

እኔን የገረመችኝ የማሸነፊያዋ ነጥብ ናት። በአውስትራሊያ እግር ኳስ በየጫፉ 4 ቋሚ ነው ያለው። ኳሷን በመሀለኞቹ ሁለት መካከል በእግርህ ከላክሃት 6 ነጥብ ነው። ስተህ በመሀለኛውና በዳር ባለው ቋሚ መካከል ብታልፍም 1 ይሰጡሃል። የትናንቷም እንደዚያ ናት። ተጫዋቹ መታ፣ ሳተ፣ አሸነፉ! በእኛ ኳስ ቢሆን እኮ ራስ ይዞ መንበርከክ ነበር።

ቀይ መብራት ላይ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ቡድናችን ቡልዶግስ በፈረንጆቹ 1954 ዋንጫ ሲበላ ልጅ ነበርኩ። ሁለተኛው የመጣው በ2016 ነው።»

62 ዓመት! ልጁ ዝም አለ። ለሁለት መብራት ያህል። ከዚያ «ቢሆንም ያ ተከላካይ…» ብሎ ቀጠለ።

ሌሊት ቤት ገብቼ ነዳጁን፣ የመኪናውን ኪራይ ቀናንሼ ስቆጥር ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» አለችኝ።

«በ1 ነጥብ አሸንፌያለሁ» አልኳት።