ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ፊልም ለምታሳዩ

ጣና ዳር ለኖረ ሰው ሥዕል እያዩ እምነትን መማር የቆየ ልማድ ነው። ዘጌ ወርዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ምእመን የመቅደሱን ግድግዳ ሲዞር አጠገቡ የሚያስረዳ ሰው አለ፤ አንዱን ሥዕል ከሌላው እያያያዘ ይተርክለታል፣ ሲጠይቅም ይመልስለታል። ፊልምም እንዲህ ሲታይ ነው ልብ ውስጥ የሚቀረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያለቅስ ያመሸ ወጣት ማንም ሳያነጋግረው ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ሳምንት ሳይሞላው ትዝ የሚለው ሙዚቃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሙሉውን ፊልም አታሳዩ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን አንድ ክፍል ይበቃል። ለባሕር ዳር ልጆች መጀመሪያ የምመርጠው የሉቃስ 5ን ዓሣ ማጥመድ ነው። ሌሊቱን ሲደክም አድሮ ባዶ መረብ ይዞ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚመስል ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ አይጠፋውም። ችግሩ፣ መረቡ ሲሞላ ልጆቹ ደስ ይላቸውና ጴጥሮስ ተንበርክኮ «ከእኔ ተለይ» ማለቱን ሳያስተውሉ ያልፋሉ። እዚያ ላይ አቁሙና ዓሣ ያገኘ ሰው ለምን ይፈራል ብላችሁ ጠይቁ።

ንባቡ ከፊልሙ መቅደም አለበት። ከቁጥር 1 እስከ 11 ለማንበብ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ካላስቀደማችሁት የተዋናዩ መልክ የጌታን ቦታ ይይዝና በጸሎት ሰዓት ሳይቀር እየመጣ ያስቸግራል፤ ተዋናይ መሆኑንም በግልጽ ንገሯቸው። ካዩ በኋላ ያንኑ ክፍል ሌላ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ያን ጊዜ ፊልሙ የጨመረውንና የተወውን ራሳቸው ያገኙታል፤ በእኔ እምነት ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለወጣቶች ደግሞ የጴጥሮስ ክህደት ይሻላል። ዶሮ ሲጮኽ ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን እንዳየው የጻፈው ሉቃስ ብቻ ነው (22፥61)። ይህን አንድ እይታ ፊልም ከማንም ስብከት በላይ ያሳያል። በዮሐንስ ወንጌል ጴጥሮስ የካደው ፍም እሳት እየሞቀ ነው፤ ከትንሣኤ በኋላም በባሕሩ ዳር ዓሣ የተቀመጠበት ፍም ይጠብቀዋል፣ ሦስት ጊዜም «ትወደኛለህን» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱን ክፍሎች በተለያየ ሳምንት አሳዩና እሳቱን ልብ እንዲሉት አድርጉ።

እግረ መንገድ ስለ ይሁዳም ተነጋገሩ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉው ሰው በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል፣ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያያል። ፊልም እንዲህ ለይቶ አይሰጥም፤ ይሁዳም መልከ መልካም ሆኖ ይመጣና ያሳዝናል። ማዘናቸው አያስደንግጣችሁ፤ ይሁዳም ጴጥሮስም በድለው አንዱ ለምን ተመለሰ ወደሚለው ጥያቄ ምሯቸው።

ፊልም ስትመርጡ በየትኛው ወንጌል ላይ እንደተሠራ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው «ኢየሱስ» በሉቃስ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ለዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት መፃጉዕን፣ ለሰባተኛው ኒቆዲሞስን ብትፈልጉበት አታገኙም፤ ሁለቱም በዮሐንስ ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሕማማት ፊልም በአራማይክና በላቲን የተነገረ በመሆኑ የግርጌ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ እናቶችን ያገልላል፣ ግርፋቱም ለሕፃናት ፈጽሞ አይሆንም።

ለመጋረጃ ነጭ አቡጀዲ ጥሩ ነው፤ ካልተወጠረ ግን ፊት ሁሉ ይጣመማል። ድምፅ ማጉያው ከመጋረጃው ሥር ይቀመጥ፤ ከኋላ ከሆነ ሰው ዞር ዞር ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሩት፣ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል። ፊልሙን ከኢንተርኔት ላይ እንከፍታለን አትበሉ፣ አስቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ ጫኑት፤ የምትጀምሩበትንና የምታቆሙበትን ደቂቃም ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ፕሮጀክተሩ ይቀመጥ። ሳምንቱ የስግደትና የንባብ ነው፣ ልጆቹም ቤተ ክርስቲያን መዋል አለባቸው። የዮሐንስ 21ን የፍም እሳት ከትንሣኤ በኋላ ላለው ሳምንት አቆዩት።