ዴንቨር ላይ የበቃው ነዳጅ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፎ ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ከአራት ቀን በፊት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ካለው ጋራዣችን መኪናውን ተረክቦ ለሥራ ወደ ሂዩስተን የሄደው ልጅ ነበር። “ወንድሜ፣ ሞተሩ ውስጥ በቆርቆሮ ጠጠር የሚንጡ ይመስላል” አለኝ። ወዲያው እንዲያጠፋውና ዳግም እንዳያስነሳው ነገርኩት። ድምፁን ሲገልጽልኝ ነገሩ ገብቶኛል፤ ነዳጅ ያነሰው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ከካንዴላው የተነሳው እሳት እስኪደርሰው ሳይጠብቅ በራሱ እየፈነዳ ፒስተኑን ሲደበድብ የሚሰማ ድምፅ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎት መልእክት ልኮልኛል፦ በችንጋ እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ሱፐርቻርጀር ግፊቱ አውሮራ ሳለ ከ7 ተኩል ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አያልፍም ነበር፤ ሂዩስተን ሲደርስ 9 ሆኗል። “እንኳን በሰላም ገባህ” ብዬ መለስኩለት፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ፑሊው ያው፣ ችንጋው ያው ሆኖ ግፊቱ የጨመረው ለምን እንደሆነ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ ያ ሞተር አይሰበርም ነበር።

መኪናዋ የ2006 ፎርድ ማስታንግ ጂቲ ናት። ባለ 4.6 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ልጁ ያገለገለ ሱፐርቻርጀር ከነመለዋወጫው ገዝቶ አመጣ። በፋብሪካው 24 ፓውንድ ኢንጄክተሮች ምትክ በሰዓት 39 ፓውንድ ቤንዚን የሚረጩ ስምንት ኢንጄክተሮች አብረው መጡ። እነዚህ ይበቃሉ ወይስ ሌላ ይገዛ የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ተራ የቤንዚን ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ገደማ ነዳጅ ይበላል። ሱፐርቻርጀር ያለው ከ0.6 በላይ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ሱፐርቻርጀሩን ማዞሩ ራሱ ጉልበት ይወስዳል፣ የሲሊንደሩን ሙቀት ለማብረድም ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል። እኔ 0.62 እይዛለሁ። የኃይል መለኪያው ማሽን ጎማ ላይ 360 የፈረስ ጉልበት አሳየን። በማርሽና በአክሰል የሚጠፋውን ስጨምር ሞተሩ 423 ገደማ ሰጥቷል፤ ይህም በሰዓት 262 ፓውንድ ቤንዚን ነው። ስምንቱ ኢንጄክተሮች ሳይዘጉ ቢረጩ 312 ስለሚሰጡ፣ ከጊዜያቸው 84 በመቶውን ክፍት ናቸው ማለት ነው። በደቂቃ 6,500 ዙር ላይ አንድ ሲሊንደር ሙሉ ዑደቱን የሚጨርሰው በ18.5 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኢንጄክተሩ በዚህች ቅጽበት ከፍቶ፣ ረጭቶ መዝጋት አለበት። ስለዚህ 80 በመቶ ላይ መቆም ይሻላል፣ ቢበዛ 85። እኔ 84ን ተቀበልኩ። ልጁ ከተማ ለቆ የሚሄድ ስለሆነ ወጪ ላድንለት ፈለግሁ። ትልልቅ ኢንጄክተሮች ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር እንደሚያንገጫግጩም ፈራሁ። የፋብሪካው የነዳጅ ፓምፕም ቮልቴጅ በሚያሳድግ መሣሪያ ታግዞ በሙከራው ሁሉ 40 ፒኤስአይ ሳያጓድል ስለያዘ፣ እሱንም አልነካሁትም።

መኪናዋ ተጭና የተመለሰችው በጋራዡ ባለቤት ወጪ ነው። ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) ስናነሳ ከስምንቱ ፒስተኖች አንዱ በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ቀለበቶች) መካከል ያለው ጠርዙ ተሰብሮ፣ ካንዴላው ነጭ ሆኖ፣ ላዩ ላይ የቀለጠ አሉሚኒየም ነጠብጣብ ተለጥፎበት አገኘነው። መረጃ መቅጃው እንደተሰካ ስለነበር ቀሪውን እሱ ነገረን። የነዳጁ ግፊት ከ40 ወደ 30 ወርዷል። ለአንድ እጅ ቤንዚን 11 ተኩል እጅ አየር መሆን የነበረበት ድብልቅ 13 ተኩል ደርሷል። ኮምፒውተሩ ኢንጄክተሮቹን 102 በመቶ ክፍት ሁኑ እያለ ያዝዛል፤ ከመቶ በላይ ደግሞ የሚከፈት ነገር የለም። ልጁ “ኮሎራዶ ከማገኘው 91 ኦክቴን የተሻለውን 93 ነበር የቀዳሁት” እያለ ሊገባው አልቻለም። አልፈረድኩበትም። ኦክቴን ቤንዚኑን ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያጠነክረዋል፤ ያልደረሰውን ቤንዚን ግን አይተካም።

ከእኛ ጋር የሚሠሩ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሜካኒክ አሉ። “ጋሼ” ነው የምላቸው። የመለኪያውን ወረቀት ይዘው መጡና “ልጄ፣ እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ለምን ትንሹን ወሰድክ?” አሉኝ። አንዱ ማሽኑ የለካው 360 ነው፤ ሌላው ወደ ዝቅተኛ ቦታ አየር ተስተካክሎ የተጻፈው 440። እኔ ሁለተኛውን ለጉራ የሚታተም ቁጥር አድርጌ ነበር የማየው። “እኛ አገር ካርቡሬተሩ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና እንዳለ ወደ አሰብ አይወርድም ነበር። የነዳጅ ቀዳዳው ይሰፋለታል። ይህ ወረቀት ሂዩስተንን ነግሮህ ነበር” አሉኝ።

ተቆጥተው ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አውሮራም ጎረቤቷ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን ሂዩስተን ባለችበት ዝቅተኛ አካባቢ 101 ነው። ሱፐርቻርጀር በችንጋ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ በእያንዳንዱ ዙር የሚውጠው የአየር መጠን አይለወጥም፤ ያው መጠን ግን ሂዩስተን ላይ አንድ አምስተኛ ያህል የሚከብድ አየር ይዟል። ቱርቦ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ግፊቱን በመጠኑ ሊገድበው ይችል ነበር። የእኔ 84 በመቶ በ1.21 ሲባዛ 102 ይሆናል፤ መቅጃው ላይ ያየነው ቁጥር እሱው ነው። ፓምፑም እዚህ በሰዓት 160 ሊትር ይበቃው የነበረው እዚያ ከ190 በላይ ተጠይቆ፣ ያውም ከፍ ባለ ግፊት፣ አቃተው።

እንደገና ስንሠራት ፎርጅድ (ተቀጥቅጠው የተሠሩ ጠንካራ) ፒስተኖች ገቡ። ኢንጄክተሮቹ 60 ፓውንድ ሆኑ። ያንገጫግጫሉ ብዬ የፈራሁት ነገር ኮምፒውተሩ የአዲሶቹን ትክክለኛ መረጃ ከተሰጠው በኋላ አልታየም። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ በሼልቢ ጂቲ 500 ላይ የሚመጣውን ባለ ሁለት ፓምፕ ከነሁለተኛው መቆጣጠሪያው አስገባን። ሙሉ ጭነት ላይ እያለ የፓምፑ ሶኬት ድረስ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ለካሁ፤ ይህን የመጀመሪያው ጊዜ አላደረግሁትም። ኮምፒውተሩም በግፊት ላይ ድብልቁ 12 ተኩል ካለፈ ሞተሩን እንዲያፍን አዘዝነው። የሥራ ማዘዣ ቅጻችን ላይ ከደንበኛው ስልክ ቁጥር ቀጥሎ “መኪናው የት ይነዳል?” የሚል መስመር የገባውም ያን ሳምንት ነው።

ልጁ በድጋሚ ሂዩስተን ሲደርስ፣ እኔ ሳልፈቅድለት ጭነት እንዳያበዛባት፣ መጀመሪያ የመቅጃውን ውጤት እንዲልክልኝ ለምኜው ነበር። ላከው። ግፊቱ 9፣ ኢንጄክተሮቹ 66 በመቶ፣ የነዳጁ ግፊት 40፣ ድብልቁ 11 ተኩል። ስልኬን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከዚያ ስልኩን መልሰው “አሁን ይንዳት በለው” አሉኝ።