እማዬን ቻይና ቤት ወሰድኳት

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቷል ብሎ ያልነገረኝ ሰው የለም፣ "ዘመናዊ ቻይና" ነው ይላሉ፣ ዘመናዊ ቻይና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ሄጄ እስካየው አልገባኝም ነበር። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቅሬታ ስላለኝና ልጆቹም ገና ጀማሪ ስለሆኑ በኔ ወሬ ገበያቸው እንዲበላሽ አልፈልግም። ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብኩት፣ እማዬ ሰማችና "እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለች፣ አለቀ።

ቀኑ አርብ ነበር። እሱን ያዙልኝ።

ቤቱ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ቀይ ፋኖስ ምናምን ድራጎን ምናምን የለም፣ ግድግዳው የኛው ድንጋይ ነው፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ጠረጴዛው መሀል ላይ የሚሽከረከር ክብ ነገር አለ። እማዬ አንዴ አዞረችውና "ይሄስ ጥሩ ነው፣ ሰው ፊት እጅ አይዘረጋም" አለች። ከዛ እጅ የሚያስታጥባት ሰው ስትጠብቅ አስተናጋጁ ወደ ሲንኩ አመለከታት፣ ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም። በሩ ላይ የአሳማ ስጋ የለም ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ጎንደር ላይ ይሄ ካልተጻፈማ ማን ይገባል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚሸሸው።

"የጾም ምን አለህ የኔ ልጅ?"

"ማፖ ቶፉ አለ እናቴ፣ በስጋ ፈንታ በእንጉዳይ ነው የሰራነው።"

"ቶፉ ደሞ ምንድነው?"

"የአኩሪ አተር አይብ በሉት።"

"አይብ ከሆነማ ምኑን ጾም ሆነ!"

ልጁ ደነገጠ፣ እኔ ገባሁበት። አኩሪ አተሩ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል፣ ከዛ እንዲረጋ ጀሶ ጠብ ይደረግበታል... ጀሶ ካልኩ በኋላ አፌን ያዝኩ ግን ምን ዋጋ አለው። "ጀሶ? ያ እንጀራ ላይ ቀላቀሉ ተብሎ አገር የታመሰበት?" ጎን ያሉት ሁሉ ዞሩ። ለምግብ ተብሎ የተጣራ እንደሆነ፣ የሚገባውም ቅንጣት እንደሆነ፣ ቻይናዎች በዚህ ሲያረጉት ዘመናት እንደቆጠሩ ብነግራትም እስከ መጨረሻው "የጀሶው አይብ" ነበር ያለችው።

ስሙን ስነግራት ግን አዘነች። ማፖ ማለት ፊቷ የተጠባሰ አሮጊት እንደማለት ነው፣ ሲቹዋን የሚባል ክፍለ ሀገር ቼንግዱ ከተማ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምግብ ቤት የነበራት ሴትዮ ፊቷ ላይ ጠባሳ ስለነበራት ሰው በዛ ነው የሚጠራት፣ ምግቡም በዛው ስም ቀረ። "ወይ ሰው! አብልታቸው ትርፏ ስድብ" አለች እማዬ።

ምግቡ መጣ፣ ቀይ፣ ዘይቱ ከላይ የሚያብለጨልጭ፣ ስታዩት ወጥ ነው የሚመስለው፣ ከሩዝ ጋር። (ሩዙ የፎገራ ነው አሉን፣ ጣፋጭ ነው ግን ይያያዛል፣ ለዚህ ምግብ ደሞ መያያዙ ጥሩ ነው፣ በቾፕስቲክ ለሚታገል ሰው እንዴት እንደሚያግዝ ብታዩ።) እማዬ አንድ ማንኪያ ጎረሰች፣ ዝም አለች፣ ሁለተኛ ጎረሰች፣ ከዛ እጇን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ምላሴ የት ሄደ?" አለችኝ። የሲቹዋን በርበሬ ነው። በርበሬ ይባል እንጂ ከበርበሬም ከቁንዶ በርበሬም አይገናኝም፣ ዘሩ ከነሎሚና ብርቱካን ወገን ነው፣ ስራው ማቃጠል ሳይሆን ማደንዘዝ ነው፣ ጥርስ ሀኪም ቤት ደርሳችሁ የወጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። የሚያቃጥለው ሌላኛው፣ ቀዩ፣ ያው የኛውም በርበሬ ነው፣ ለነሱም ለኛም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ። እማዬ ይሄን አላመነችኝም፣ በርበሬ ያልነበረበት ሀበሻ ምን ይበላ ነበር ብላ ተከራከረችኝ።

በምስር የተሞላው ዳምፕሊንግ ላይ ብዙም አልቆይም፣ "የተቀቀለ ሳንቡሳ" አለችው፣ ልክ ነች፣ አንዱን በእጇ አንስታ አጎረሰችኝ፣ በቾፕስቲክ ላጎርሳት ስል ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

ቅሬታዬ የጎመኑ ነው። የጾም ጎመን ጥብስ ብለው ያመጡት ጣፈጥ፣ ወፈር ያለ ጥቁር ሶስ አለበት፣ አኩሪ አተር ሶስ እንዲህ አይደለም ብዬ ጠርሙሱን አሳዩኝ አልኩ። ልጁ ገብቶ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ አንዱ ላይ ኦይስተር ሶስ ይላል። ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባህር እንስሳ ነው! አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ግን ሰው ጾም ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ ጠርሙሱን አንብቡ እባካችሁ። እማዬ ሁለት ጉርሻ ወስዳለች። ሳህኑን በዛ በሚሽከረከረው ቀስ አድርጋ ወደኔ አዞረችና "ሳላውቅ ነው፣ እሱ ያውቃል" ብላ አማተበች። ለኔ ግን እንዳልበላው በአይኗ ነገረችኝ።

ሼፉ ራሱ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዱባይ ቻይና ቤት ኪችን ውስጥ የሰራ የአዘዞ ልጅ ነው፣ የጎመኑን ሂሳብ ሰረዘው። እሱ ቆሞ ሲያወራ እማዬ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍታ አሸተተች።

"ይሄ ሰሊጥ አይደለም እንዴ?"

ነው። የተቆላ ሰሊጥ ዘይት፣ ጥቁር ቡኒ፣ ሽታው ካንድ ሜትር የሚጣራ። ሼፉ እንዳለው አይጠበስበትም፣ እሳት ካገኘው ይመራል፣ ምግቡ ሲወጣ ነው ከላይ ጠብ የሚደረገው፣ ያ "የቻይና ሽታ" የምንለው ነገር ግማሹ እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሁፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። አሁን አስቡት፣ ከመተማና ከሁመራ ሰሊጥ ዋና ገዢዎች አንዷ ቻይና ናት፣ ምርት ገበያ ላይ ከነጭ ሰሊጥ መጠሪያዎች አንዱ ራሱ "ሁመራ ጎንደር" ነው፣ አጎቴ ስንት አመት መስከረም በገባ ቁጥር ለአጨዳ መተማ ይወርድ ነበር፣ ፍሬው ከረጢቱ ተከፍቶ ሳይረግፍ አጭዶ ነዶውን አቁሞ ለማድረቅ፣ በወባ እየተመታም ቢሆን። ከዛ ሰሊጡ በጭነት መኪና በመርከብ ዞሮ፣ ተጨምቆ፣ በጠርሙስ ፒያሳ ተመልሶ ይመጣና ዋጋውን ስሰማ ሹካዬን አስቀመጥኩ። የዚህኛው ጠርሙስ ሰሊጥ የኛ ይሁን አይሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፣ ግን የእማዬ አፍንጫ አውቆታል።

"አንተ ልጅ፣ ሰሊጥ እዚህ እያለልህ ይሄን ከጠርሙስ የምታንጠባጥበው ለምንድነው? ቆልተህ፣ ወቅጠህ፣ በጥብጠህ አታፈስበትም?" አለችው። የጾም ሰሊጥ ፍትፍቷን ማለቷ ነው። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ከዛ አየኝ፣ ከዛ "እውነት ቀዝቃዛ ኑድል ላይ ይሄዳል እኮ" አለ፣ ቻይናም የተፈጨ ሰሊጥ በኑድል ይበላል ለካ። "እናቴ እሮብ መጥተው ያሳዩኝ" አላት።

ሂሳብ ከፍለን ወጣን፣ የተረፈውን የጀሶ አይብ በፌስታል አስጠቅልላ ለጎረቤት ወሰደች። ማታውኑ ሰሊጥ ስትለቅም ነበር። የኪችኑን መፍጫ አላምነውም ብላለች፣ ሙቀጫውን እስከ ፒያሳ ማን እንደሚሸከመው ደግሞ ቤት ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም።