የተነፋው ባትሪ

ሚያዝያ ነው፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል። ቀን ከጣና ወደ ባሕር ዳር የሚነፍሰው አየር ከመሸ በኋላ ጸጥ ይላል፤ ግድግዳው ደግሞ ሲጠጣው የዋለውን ፀሐይ አሁን ይተፋዋል። ዛሬ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ሆድ ብሶኛል። ሻማ ፍለጋ ያንን የማይፈለገው ዕቃ ሁሉ የሚጣልበትን መሳቢያ ከፈትኩ፤ የትኛውን እንደምል ታውቃላችሁ። እጄ ላይ የመጣው ግን ሻማ ሳይሆን የአንድ የድሮ ስልክ ባትሪ ነው። ሆዱ ተነፍቷል።

መነፋቱን በዓይን መለየት ሲያስቸግር ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በጣት ማሾር ነው። ደህናው ባትሪ ጠረጴዛውን በሙሉ ገጹ ስለሚነካ ጎተት ብሎ ወዲያው ይቆማል። የተነፋው በእምብርቱ ብቻ ስለሚቆም እንደ እንዝርት ይዞራል። ይሄ ደግሞ ሦስት አራት ዙር ዞረ። ጀርባቸው የማይከፈት ስልኮች ላይ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ስክሪኑ ከአንድ ጠርዝ ከፍ ይላል፣ ድሮ በቀላሉ ይገባ የነበረው ከቨር ይጠብበታል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ሲያስቀምጡት ይወዛወዛል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቻርጅ ማድረግ በዚያው ቀን ይቁም፤ “ዛሬን ብቻ” አይባልም።

የሚነፋው ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በእርጅና እየተበላሸ ጋዝ ስለሚሆን ነው። ጋዙ መውጫ የለውም፤ ከረጢቱን ይወጥረዋል። አንዳንዱ ሰው “በመርፌ ጠቅ ባደርገው ይተነፍሳል” ይላል። እባካችሁ፣ በጭራሽ! ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። በዚያ ላይ የባትሪውን ሁለት ወገን የሚለየው ላስቲክ ከወረቀት የሳሳ ነው፤ መርፌው እሱን ከበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ቀጥሎ እሳት ነው። በከቨሩ ተጭኖ መዝጋትም ያው ነው።

ሙቀት ነው ነገሩ። አብዛኛው ስልክ የተሠራው ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ አየር ውስጥ እንዲያገለግል ነው። ባሕር ዳር በዚህ ወር ቀትር ላይ 30 አካባቢ ትደርሳለች። ይህ በጥላ ነው። የባጃጅ ሾፌሮችን ስልክ አይታችኋል? ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ ስክሪኑ እስከ መጨረሻ በርቶ፣ ዳታው ተከፍቶ። አራቱም ያሞቁታል። መፍትሔው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፦ መያዣውን ከመስታወቱ ዝቅ አድርጎ የጎን ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ማሰር፣ ቻርጅ ላይ ሲሆን ከቨሩን ማውለቅ። ቤት ውስጥም ትራስና ፍራሽ ላይ አይሞላም፤ ሴራሚክ ወለል ወይም ትሪ ላይ ይቀመጥ፣ ሙቀቱን ይስብለታል። ጋለ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጥፋት ነው። ሲወጣ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው አካሉ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ውጭ ብቻ አይቀርም።

ከሙቀቱ ጋር የሚያብረው ደግሞ ሙሉነት ነው። የባትሪው ሴል ጢም ሲል 4.2 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ላይ ይደርሳል፤ በዚያ ውጥረት ላይ በሙቅ ቦታ ሲያድር በፍጥነት ያረጃል። ብዙ አዳዲስ ስልኮች 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ በባትሪ ሴቲንጋቸው ውስጥ አላቸው። መብራት በሚሄድበት ከተማ ግን “ሁልጊዜ 80 ላይ አቁሙ” የሚለው ምክር አይመቸኝም። ማታ መብራት እንደማይኖር ከገመታችሁ እስከ 100 ሙሉት፣ ከዚያ ተጠቀሙበት። የሚጎዳው መሙላቱ ሳይሆን ሞልቶ በሙቀት መቆየቱ ነው። የማትጠቀሙበትን ስልክ ግማሽ ላይ አድርሳችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩ ገደማ ደግሞ እያያችሁ ወደ ግማሽ መልሱት። ዜሮ ገብቶ ወራት የቆየም ላይነሳ ይችላል።

ሶላር ላይም ስህተቱ ያው ነው። ፀሐይ የሚያስፈልገው ለፓኔሉ ብቻ ነው። መብራቱ ወይም ስልኩ አብሮት ፀሐይ ላይ ከተጋደመ ባትሪው እየተጠበሰ ነው የሚሞላው። ገመዱን በመስኮት አስገብቶ ስልኩን ጥላ ውስጥ ማድረግ ነው። ፓኔሉ ዓመቱን ሙሉ የማይነካ ከሆነ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፤ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያላት ርቀት ከ11 ተኩል ዲግሪ ትንሽ ስለሚያልፍ ነው። ዝናብም አቧራውን ያጥብበታል።

ፓወር ባንክ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ሳይሆን ክብደቱን ይመን። “10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት” የሚለው ውስጡ ያሉት ሴሎች በ3.7 ቮልት ሲለኩ ነው፤ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው፤ 37 ለ5 ሲካፈል 7.4 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 7,400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይሆናል። በመለወጫውና በገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀር አለ፣ 6,000 ገደማ ከደረሳችሁ ጥሩ ዕቃ ነው። 5,000 የሚል ስልክ 19 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ አንዴ ሞልቶ ግማሽ ያህል ይጨምርለታል፤ ሁለቴ አይሞላም። አሁን 30,000 ተብሎ የተጻፈበትን ቀላል ፓወር ባንክ አስቡት። ውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገባው ክብ ሴል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ጥሩው 3,500 ቢይዝ ነው፣ አንዱም ወደ 50 ግራም ይመዝናል። 30,000 ለመድረስ ዘጠኝ ያስፈልጋሉ። ሴሎቹ ብቻ ከ400 ግራም በላይ! በእጅ ሲያነሱት እንደ ግማሽ ኪሎ ስኳር ካልከበደ የተጻፈው ውሸት ነው።

መብራት በሌለበት ማታ ስልክን የሚጨርሰው ስክሪኑ ብቻ አይደለም። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ስልኩ ታወር ለማግኘት ኃይሉን ከፍ እያደረገ ይፈልጋል። ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ የሚሄድ ሰው ሳይነካው ባትሪው የሚወርደው በዚህ ነው። ፍላይት ሞድ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ካሜራውም አላርሙም ይሠራሉ። ካርታ የሚፈልግ ከተማ ሳለ ያውርደው።

ለብርሃን፣ የስልኩን መብራት ወደ ላይ አድርጎ በላዩ ውሃ የሞላ ንጹሕ ሃይላንድ ማቆም ነው። ክዳኑ ይጥበቅ፣ ውጩ ይደረቅ። ውሃው ውስጥ ሦስት አራት ጠብታ ወተት ከገባ ብርሃኑ ወደ ጎን ይበተናል፣ ክፍሉ በሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። ከበዛ ግን ይጋርደዋል፤ ጠብታ ነው ያልኩት።

የፍሪጁንም ሶኬት መብራት እንደሄደ ንቀሉት። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮምፕረሰሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ሳይረግብ ከተነሳ ሞተሩ ይታገላል፣ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ በኩባያ ውሃ አርግቶ በላዩ ሳንቲም ያስቀምጥ። ከቤት ርቆ ሰንብቶ ሲመለስ ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ሰጥሞ ካገኘው ዓሣው ቀልጦ እንደገና የረጋ ነው፤ አይበላም።

ይሄኛው ባትሪ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። የወተት ጣሳ ውስጥ ደረቅ አሸዋ አድርጌ፣ ሁለቱን የብረት ጫፎች በፕላስተር ሸፍኜ እቀብረዋለሁ፤ ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ አርቄ። እስከዚህ ድረስ የሚደረገውን አውቃለሁ። ከዚያስ? ቆሻሻ መኪና ላይ ብጥለው ሲጨፈለቅ በእሳት ሊነድ ይችላል፤ የሚነሣው ጭስ ደግሞ ለሠራተኞቹ ሳንባ መርዝ ነው። ሜዳ ላይ ቢወድቅ ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል፤ ደንገሉ ሥር፣ ዓሣው የሚራባበት ቦታ። የባጃጁንና የሶላሩን ትልቅ ባትሪ ውስጡ እርሳስ ስላለ የሚገዛው ሰው አይጠፋም። ይህን ትንሹን ማን ይፈልገዋል? በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ተኝቷል?

ጠዋት ቆራሌው በበራችን ያልፋል። ልጥራው? ጆንያው ውስጥ ከብረቱ ጋር እንዳይወረውረው ምን ብዬ ነው የምሰጠው?