ዋልታው አጠገብ የጠፋችው ነጥብ

ዛሬ ቀኔን ሙሉ የወሰደችው አንዲት ነጥብ ናት። በአርክቲክ ውቅያኖስ በረዶ ላይ የሚንሳፈፉ መሣሪያዎች የሚልኩትን መረጃ የያዘው ዳታቤዛችን፣ ከ85 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ ያሉትን ሁሉ እንዲያወጣልኝ ስጠይቀው፣ በ86 ዲግሪ ሰሜንና በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን መሣሪያ ዘለለው። መጀመሪያ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ተገለባብጠው የገቡ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ኢንዴክሱንም (ፍለጋን የሚያፋጥነውን የዳታቤዙን ማውጫ) እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ለውጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ የፍለጋውን ክልል በወረቀት ላይ ስስለው ነገሩ ተገለጠልኝ። ክልሉን ያበጀሁት 85 ዲግሪ ላይ በእኩል ርቀት በተቀመጡ አራት ማዕዘኖች ብቻ ሲሆን፣ በፖስትጂአይኤስ (ዳታቤዛችን የቦታ መረጃን የሚይዝበት ሶፍትዌር)፣ ቦታን በክብ ምድር ላይ በሚያሰላው የ«ጂኦግራፊ» የመረጃ ዓይነት፣ ሁለት ማዕዘኖችን የሚያገናኘው መስመር የኬክሮሱን ክብ ተከትሎ አይሄድም፤ በምድር ገጽ ላይ አጭሩን መንገድ ይዞ ወደ ዋልታው ይጠጋል፣ መሃሉ ላይም 86.5 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። (ምድር ወገብ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ስለሆኑ ይህ ጉዳይ አይታይም።) መሣሪያው ከመስመሩ ውጭ ነበርና ዳታቤዙ የመለሰልኝ በትክክል የጠየቅኩትን ነው።

በአራት ማዕዘን የተሠራውን ክልል ትቼ፣ ከዋልታው በ558 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ (እስከ 85 ዲግሪ ገደማ) ያለውን ሁሉ ብዬ ስጠይቅ፣ የጠፋችው ነጥብ ወዲያው ወጣች።