የወንድሜ ቲሸርት

ታናሽ ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ የተወልኝ፣ የ12ኛ ክፍል ጓደኞቹ በማርከር የፈረሙበት ነጭ ቲሸርት ጎኑና እጅጌው ስለሚሰፋኝ እስካሁን ከቁም ሳጥን ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ገለበጥሁትና በልኬ የሆነ ሌላ ቲሸርት በላዩ ዘርግቼ፣ ከእጅጌው ጫፍ በብብቱ በኩል እስከ ታች በደረቅ የሳሙና ስባሪ አሰመርሁ። እንዲህ ያለው ጨርቅ የሚለጠጥ በመሆኑ በተራ ስፌት ቢሰፋ ሲሳብ ክሩ ስለሚበጠስ፣ የእናቴን የስፌት መኪና ወደ ዚግዛግ ስፌት አዙሬ በመስመሩ ላይ ሰፋሁት፤ ትርፉን ለመቁረጥ መቀስ ከማንሳቴ በፊትም ለብሼ በመስታወት ፊት እጄን ከፍ ዝቅ አድርጌ አየሁት። በግራ ጎኑ አንዱ ፊርማ ለሁለት ተከፍሎ ስላገኘሁት አንጀቴ አልቻለምና፣ ስፌቱን ተርትሬ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ በማውጣት ደግሜ ሰፋሁት። ነገ ለብሼው ፎቶ እልክለታለሁ።